ለፋሲካ የወረደው ጎራዴ

መጀመሪያ ነገር፣ ቢላ አይደለም። ይህን ደጋግሜ በመናገር ምላሴ ዝሏል። እስከ ዛሬ ግን እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ሠርግ ወይም ለቅሶ ቤት በተገኘሁ ቁጥር አንዷ ጠጋ ትልና፣ «ያቺ ለቢላ ብላ የባሏን ወንድም ከቤት ያስወጣችው አንቺ ነሽ አይደል?» ትለኛለች። ሌላዋ ደግሞ ጎራዴ መዝዤ እስከ ፓርኪንግ ድረስ እንዳባረርኩት ሰምታለች። ሰው ጎራዴ መሆኑን የሚያምነው እኔን ለማማት ሲፈልግ ብቻ ነው።

ጎራዴ ነው። የጃፓን አጭር ጎራዴ፣ ርዝመቱ ከክንዴ ብዙም የማይበልጥ። የጥንት ዕቃ አይደለም። በኛው ዘመን ያለ አንድ ባለሙያ ብረቱን እያጋለ፣ እየቀጠቀጠ በእጁ የሠራው፣ ቤት ውስጥ ተቀምጦ እንዲታይ እንጂ ማንም እንዲቆርጥበት ያልታሰበ ነው። አፎቱ ጥቁር ሆኖ ያብረቀርቃል። እጀታው በጥቁር ሰማያዊ ጥብጣብ እየተጠላለፈ የተጠመጠመ ሲሆን፣ በጥብጣቡ መሃል መሃል ነጭ የዓሣ ቆዳ ብቅ ብቅ ይላል። ከሁሉ አብልጬ የምወደው ግን ስለቱን ነበር። ዳር ዳሩን ተከትሎ የሚሄድ፣ ወደ መስኮት ዞር ሲያደርጉት ብቻ የሚታይ፣ ነጣ ያለ ሞገድ የመሰለ መስመር ነበረው። በቀለም የተሣለ አይደለም፤ ብረቱ በእሳትና በውሃ ሲያልፍ ከራሱ የወጣ ነው። እሱን ለማየት ስል ብቻ መጋረጃ እከፍት ነበር።

ያገኘሁት ከኛ ብዙም በማትርቀው አሌክሳንድሪያ ነው። በፈረንጆቹ ሁለት ሺዎቹ አጋማሽ ላይ፣ አንድ ሆቴል ቁርስ ክፍል ውስጥ እሠራ ነበር። ከንጋት ጀምሮ የሰው ሳህን አነሳለሁ፣ የሰው ጭማቂ እቀዳለሁ። ብሬክ ስወጣ ወደ ወንዙ በሚወስደው መንገድ እግሬን አፍታታለሁ። በዚያ መንገድ ላይ ዕቃ ሰብሳቢዎች የሚገበያዩበት ትንሽ ሱቅ ነበር፣ ጎራዴው መስኮቱ ላይ ተቀምጧል። ማንም አይነካውም፣ ማንም ምንም አምጣ አይለውም። ቆሜ ሳየው እኔንም ድካሜ ትንሽ ይለቀኝ ነበር። አንድ ቀን ዝናብ ያዘኝና ገባሁ።

«ለባልሽ ነው?» አለኝ ባለሱቁ።

«አይደለም።»

«ለወንድ ልጅሽ?»

«ወንድ ልጅ የለኝም። ለራሴ ነው።»

ከላይ እስከ ታች አየኝ። የሆቴሉን መለያ እንደለበስኩ ነበር። ያኔ ውስጤ ቢቃጠልም፣ ሰውየው ሲቆይ ደግ ሆነና አያያዙን አስተማረኝ፤ ስለቱን በባዶ እጅ አለመንካት፣ ላብ ስለሚያዝገው፤ በለስላሳ ጨርቅ መጥረግ፤ ከዚያ ቀጭን ዘይት በስሱ መቀባት። ሌላ ምንም አይፈልግም።

የጎራዴውን ሳጥን ተሸክሞ ቤት ያስገባልኝ ባሌ ነው። በታክሲው ሊወስደኝ መጥቶ ነበር። «በሉ እንግዲህ ሳሙራይ አግብቻለሁ!» ብሎ ሲስቅ ሲስቅ ከረመና እኔ እንደማልስቅ አየ። ግድግዳው ላይ መደርደሪያ የመታልኝም እሱ ነው። እየበሳ ሳለ፣ «ግን ይሄ ምን ያደርግልሻል?» አለኝ።

ያኔ የመለስኩለትን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፣ ምክንያቱም አስቤበት ነው የተናገርኩት። «ምንም አያደርግልኝም። ለዚያ ነው የወደድኩት» አልኩት። በዚህ ቤት ያለው ሁሉ ለሆነ ሰው ነው። ሶፋው በዲቪ ለሚመጣ ዘመድ አልጋ ነው። ትልቁ ድስቴ ክርስትና ባለ ቁጥር እየዞረ ከርሞ ሲመለስ ክዳኑ የሌላ ሰው ነው። መኪናዬን መንጃ ፈቃድ የሚፈተን ሁሉ ይወስዳታል። ይሁን፣ አይከፋኝም፣ እኔም እንደዚያው በሰው ዕቃ ነው ሰው የሆንኩት። ግን አንድ ነገር፣ አንድ ብቻ፣ ለማንም የማይሰጥ፣ ለምንም የማይውል፣ የኔ የሆነ ነገር እንዲኖረኝ እፈልጋለሁ አልኩት። መሰርሰሪያውን አጠፋና፣ «ገባኝ» አለኝ።

ገባኝ ነው ያለው።

ሰኞ ሰኞ ዕረፍቴ ስለሆነ ጨርቅና ዘይቴን ይዤ እቀመጣለሁ። እሱ ቴሌቪዥኑን ይቀንስልኛል። እዚህ የተወለደችው ልጃችን በአጠገቤ ስታልፍ፣ «ማም፣ ሶርድ ቴራፒ?» ትለኛለች፣ የጎራዴ ሕክምና ማለቷ ነው። እንግዳ እጁን ሲዘረጋ ከኔ ቀድሞ «ተው፣ ይሄ አይነካም» የሚለው ባሌ ነበር። ዓመታት እንደዚህ አለፉ።

የባሌ ታናሽ ወንድም በዲቪ መጥቶ ከኛ ጋር ቤዝመንት ውስጥ የኖረው በዚያ መሃል ነው። በኋላ ኤርፖርት ሥራ አገኘና ጀርመንታውን ቤት ተከራየ። እወደው ነበር። መኪና መንዳት ያስተማርኩት እኔ ነኝ፣ ያውም እየጮህኩበት። እትዬ እያለ ነው የሚጠራኝ፣ በዓል ሲሆን ከኔ ቤት ቀርቶ አያውቅም።

ነገሩ በሆነበት ዓመት ፋሲካችንና የፈረንጆቹ ፋሲካ ተለያይተው ዋሉ። ለሆቴሉ ተራ እሑድ ነው። ሁለት ወር ሙሉ ስጾም ከርሜ፣ በትንሣኤ ጠዋት ለሰው የአሳማ ቤከን ሳቀርብ አረፈድኩ። ወንዶቹ ቅዳሜ ገጠር አንድ ገበሬ ጋ ሄደው በሬ አርደው ቅርጫ ተካፍለዋል። እንግዳው ሁሉ እኛ ቤት ጥሬ ሥጋ ሊበላ ተጠርቷል። የኔን ሁለት ስል ቢላዎች ይዘው ሄደው፣ እዚያው ገበሬው ጋ ረስተዋቸው መጥተዋል። ቤት የቀረው እንደ መጋዝ ጥርስ ያለው የዳቦ ቢላ ብቻ ነው። ይህን ሁሉ ያወቅኩት በኋላ ነው።

ከሰዓት በኋላ በሩን ስከፍት ሳቅና ጫጫታ ተቀበለኝ። «እንኳን አደረሰሽ!» ይላል ሁሉም። እኔ ዓይኔ የሄደው ግድግዳው ላይ ነው። አፎቱ ብቻውን ተጋድሟል።

ወጥ ቤት ገባሁ። የባሌ ወንድም እጅጌውን እስከ ክርኑ ሰብስቦ፣ ቧንቧውን ከፍቶ፣ ጎራዴዬን በሽቦ ይፈገፍጋል። ድስት ሲያር በምንፈገፍግበት ሽቦ! እጀታው ላይ ያለው ጥብጣብ ጮማና አዋዜ ጠጥቶ ቀልቷል። አጠገቡ አንድ ሳህን ተገልብጧል፣ ቂጡ ጠቁሯል፣ ስለቱን ስለውበታል ማለት ነው። እኛ ቢላ ሲደነዝ የምናደርገውን ማንም ያውቃል፣ ሳህን ገልብጠን ፋጭ ፋጭ ነው። ሳሙናውን ካጠበው በኋላ ቀና አድርጎ አሳየኝ። «እትዬ፣ እንዳዲስ አደረግኩልሽ!» አለኝ፣ ፊቱ በርቶ። ያ ሞገድ የሚመስለው መስመር የለም። ከጫፍ እስከ ጫፍ የሽቦ ጭረት ብቻ ነው።

ደሜ ፈላ። «ምን ማድረግህ ነው?» አልኩት።

«ቢላው ገበሬው ጋ ቀረና…» ብሎ ጀመረ። በትከሻዬ አሻግሮ ወደ ሳሎን አየ። ከዚያ አንገቱን ደፋ። «ጥፋቱ የኔ ነው፣ እትዬ።»

«ከቤቴ ውጣ» አልኩት። በፋሲካ፣ እንግዳ ሞልቶ፣ ሥጋ ቀርቦ። ማንንም አላባረርኩም፣ ምንም አልመዘዝኩም፤ ውጣ አልኩት፣ እጁን በሱሪው ጠርጎ ወጣ። ባሌ ከኋላዬ መጥቶ ትከሻዬን ያዝ አደረገና፣ «ተይው በቃ፣ ልጅ ነው፣ አያውቅም» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ስልኬ ዕረፍት አጣ። ዊተን የምትኖረው እህቴ ሳትቀር ኮል አድርጋ፣ «ሰው ሞተብሽ እንዴ?» አለችኝ። ሰው ካልሞተ መናደድ አይቻልም? ያልጠፋ ቢላ፣ ያልጠፋ ብረት ይሉኛል። ጎራዴውን ይዤ አሌክሳንድሪያ ሄድኩ፣ ባለሱቁ መብራት ሥር እያገላበጠ አየው። ባለሙያ ጭረቱን ሊያነሳው ይችል ይሆናል፣ የበፊቱን ስለት ግን አታገኚውም አለኝ። ቤቴ ተመልሼ አለቀስኩ። ባሌ ሻይ አፈላልኝ። «ይቅር በይው፣ ወንድሜ ነው፣ መሃል ቤት እኔ ተቃጠልኩ» አለኝ። እኔ ደግሞ አዘንኩለት!

በመጨረሻ ሽማግሌ የላከብኝም እሱው ነው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሦስት ሽማግሌዎች የባሌን ወንድም ይዘው መጡ። በፀጉር ሽበት የሁሉም አባት የሚሆኑት አንዱ፣ ኮታቸውን እንደለበሱ መሃል ሶፋው ላይ ተቀመጡ።

«ልጄ፣ ምላስና ጥርስም ይጋጫሉ» አሉኝ። «ይህ ልጅ ክፉ ልጅ አይደለም። ይኸው ካሳም ይዟል።» ምልክት ሰጡት፣ እሱም ከበሩ ጥግ አንድ ካርቶን አንስቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ሲከፈት ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የወጥ ቤት ቢላ! ከነማስቀመጫ እንጨቱ፣ ትልቅ ትንሹ ተሰክቶ። «አንድ ወሰደ፣ ይህን ሁሉ መለሰ» አሉ፣ ደስ ብሏቸው።

ቆሽቴ አረረ። ግን ሽማግሌ ናቸው፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «አባቴ፣ እርስዎን አክብሬ ነው የምናገረው፣ የኔ ዕቃ የሚቆረጥበት አይደለም» አልኳቸው።

«ታዲያ የማይቆርጥ ቢላ ምን ያደርጋል?» አሉና ሳቁ። ሌሎቹ ሁለቱም ሳቁ። ባሌም ሳቀ። አየሁት፣ በደንብ ነው የሳቀው። ያልሳቀው የባሌ ወንድም ብቻ ነበር።

ቀጥለው ትልቁ ሽማግሌ ወደሱ ዞሩ። «አንተም ልጄ፣ ወንድምህ ቤት ቢሆንም የሰው ዕቃ በድብቅ ማንሳት ነውር ነው። ሁለተኛ ሳላስፈቅድ እጄን አላነሳም ብለህ ማልላት። ከዚያ እግሯን ሳም፣ እኛም መርቀን እንነሳ።»

ልጁ ተነሳ። ሲነሳ ወደኔ የሚመጣ መስሎኝ ነበር። ቆሞ ቀረ። ፊቱ ቀላ። ያን ሁሉ ሳምንት አላዋቂ ሲባል፣ ባላገር ሲባል፣ ዕቃ አበላሽ ሲባል ችሎ ነበር፣ በድብቅ የሚለውን ግን አልቻለውም።

«ንገራት» አለ። ለኔ አይደለም፣ ለወንድሙ ነው። «አንተ ንገራት እንጂ።»

ባሌ የቢላዎቹን ካርቶን ማየት ጀመረ።

«ምኑን ነው የሚነግራት?» አሉ ሽማግሌው።

 ወንድሙ ከቆመበት አልተንቀሳቀሰም። ሲያቅተው፣ «እኔ ነኝ አውርጄ የሰጠሁት» አለ ባሌ። «እሱማ እትዬ ትቆጣለች ብሎኝ ነበር። እኔ ነኝ ያዝ ያልኩት።»

ለካ ሳምንታት ሙሉ ልጅ ነው፣ አያውቅም እያለ ሲያባብለኝ የነበረው የሚያውቀው ሰውዬ ነው። ሻይ ያፈላልኝ እሱ። ሽማግሌ ጠርቶ ወንድሙን በኔ እግር ሥር ሊያንበረክክ የነበረው እሱ። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ ሲባል እሰማ ነበር፣ አብሬው ስተኛ መኖሬን አላወቅኩም።

ተነስቼ ልጁን አቅፌ ሳምኩት።  ሽማግሌዎቹ እፎይ አሉ። «በሉ እንግዲህ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርቅ ወረደ» ብለው እጃቸውን ለምርቃት ዘረጉ።

እኔ ባሌን ጠየቅኩት። «ለምን ሰጠኸው?»

«ሰው ሁሉ ተቀምጧል። ሥጋው ቀርቧል። ቢላ የለንም ልበል? አፈርኩ።»

«ማንን ነው ያፈርከው?»

«እንግዶቹን ነዋ።»

«እኔንስ?»

ጥያቄው በእውነት የገረመው ይመስል ቀና ብሎ አየኝ። «አንቺማ የራሴ ነሽ» አለኝ። «አንቺን ምን አፍራለሁ?»

ሦስቱም ሽማግሌዎች ራሳቸውን ነቀነቁ። መልሱ በቂ ሆኖላቸዋል፣ እንዲያውም ቆንጆ መልስ መስሏቸዋል። ትልቁ ሽማግሌ ጉልበታቸውን ይዘው ከሶፋው ብድግ ማለት ጀመሩ።

«ይቀመጡልኝ፣ አባቴ» አልኳቸው። «የመጣችሁበትን ጉዳይ ገና አሁን ነው ያገኘነው።»