የጲላጦስ ስም ያለበት ድንጋይ

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ጌታ ያደረገልኝን ይዤ ዝም ማለት ስለከበደኝ ነው ዛሬ ፊታችሁ የቆምኩት። አብዛኞቻችሁ እህት ሙሉነሽ ብላችሁ ታውቁኛላችሁ። ወደዚህ ቤት እንዴት እንደመጣሁ ግን ለብዙዎቻችሁ ተናግሬ አላውቅም። እዚህ ቆሞ ከኩላሊት በሽታ የዳነ፣ ከአልጋ የተነሳ ሲመሰክር እየሰማሁ አሜን ብያለሁ። እኔን ይዞኝ የነበረው ፍርሃት ነው። ስለ እሱ ልንገራችሁ፤ ታግሳችሁ ስሙኝ።

የተወለድኩት አምባሰል ውስጥ፣ ከውጫሌ በላይ ነው። በደርግ ዘመን ሐይቅ ከተማ የታሪክ አስተማሪ ነበርኩ። ታላቅ ወንድሜ አበበ ደሴ ይማር ነበር። አንድ ቀን ለጥያቄ ትፈለጋለህ ብለው ደሴ ወዳለው የምርመራ ግቢ ወሰዱት፤ በዚያው ቀረ። አስከሬኑን አላየንም። እናቴ ለቅሶ እንዳትቀመጥ ተከለከለች። ጎረቤት ሲገባ ዓይኗን ጠርጋ ስለ ማሽላው ታወራ ነበር። እኔም ከዚያ በኋላ የሚባለውን እላለሁ፣ የማይባለውን አልልም ብዬ ቆረጥኩ። ከእግዚአብሔርም ጋር ተኳረፍኩ። ስብሰባ ላይ ከሁሉ ቀድሜ አጨበጭባለሁ፤ ከሁሉ በኋላ እጄን አወርዳለሁ።

እጅ ቢያጨበጭብም ሆድ አይታለልም። ምግብ አልረጋልኝ አለ። ሰውነቴ አለቀ። የተከራየሁት እማማ ዘሀራ ከሚባሉ ሙስሊም ሴት ግቢ ነበር፤ እንደ ልጃቸው ነበር የሚያዩኝ። "ልጄ፣ ምን አግኝቶሽ ነው እንዲህ የመነመንሽው? ዱዓ ላስደርግልሽ?" ይሉኛል። "የሥራ ብዛት ነው እማማ" እላቸዋለሁ።

ሲብስብኝ ክሊኒክ ሄድኩ። ያዩኝ ጋሼ ይመር የሚባሉ ድሬሰር፣ የጤና ረዳት ናቸው። ሆዴን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉና፣ "እህቴ፣ መድኃኒት እሰጥሻለሁ፤ ነገር ግን ይሄ ጨጓራ ብቻ አይመስለኝም። የምትፈሪው ነገር አለ?" አሉኝ። ደነገጥኩ። ሰላይ ናቸው ብዬ ነው ያሰብኩት። "ምንም የለም" ብዬ ተነሳሁ። ቀስ ብለው፣ "ልጸልይልሽ እችላለሁ" አሉ። መድኃኒቱን እንኳ ሳልይዝ ወጣሁ። ያን ጊዜ የወንጌል አማኞች ጸሎት ቤት ተዘግቶ፣ ያሉት ጥቂቶች በየቤቱ ተደብቀው ነበር የሚሰበሰቡት። ከእነሱ ጋር መታየት ማለት ምን እንደሆነ ትልልቆቻችሁ ታውቃላችሁ።

ብዙም ሳይቆይ ጋሼ ይመር ከሌሎች አማኞች ጋር ተያዙ። መጽሐፎቻቸውም በጆንያ ተጭነው ወደ ቀበሌው መጋዘን ገቡ። ሳምንት ሳይሞላ የወረዳው ካድሬ፣ ጓድ ደረጀ ይባላል፣ ቢሮው አስጠራኝ። ጮሆ የማያውቅ ሰው ነበር። እኔን ይበልጥ የሚያስፈራኝም ያ ረጋ ያለ አነጋገሩ ነው።

"ጓድ ሙሉነሽ፣ ታሪክ አስተማሪ ነሽ አይደል?"

"አዎ ጓድ።"

"በሚቀጥለው የውጫሌ ገበያ ቀን ሕዝቡን እንሰበስባለን። መጽሐፍ ቅዱስ ተረት መሆኑን በታሪክና በቁፋሮ ማስረጃ ታብራሪያለሽ። ከዚያ እስረኞቹ ይቀርቡና እምነታቸውን ይክዳሉ። ያልካደ ደሴ፣ ምርመራው ግቢ ይሄዳል።"

ደሴ ሲል ዓይኑን ከዓይኔ አልነቀለም። ስለ አበበ ያውቃል ማለት ነው። አንዲት ቀጭን መጽሔት ሰጠኝና፣ የቀረውን ከራሳቸው መጽሐፍ ፈልጊ ብሎ ጠባቂው መጋዘኑን እንዲከፍትልኝ አዘዘ።

መጋዘኑ የእህል ነው። በማሽላ ጆንያዎች መካከል መዝሙራቸውና መጽሐፍ ቅዱሳቸው ተዘርግፎ አይጥ ይመላለስበታል። ከሥር አንድ ወፍራም የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አገኘሁ። በመጽሐፍ ቅዱስ አገሮች ስለተደረጉ ቁፋሮዎች የሚያትት፣ ፎቶግራፍ የበዛበት ነው። ደስ አለኝ። ስህተቱን ከዚህ አወጣለሁ ብዬ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ማንበብ ጀመርኩ።

ካድሬው የሰጠኝ መጽሔት ላይ ጲላጦስ የሚባል ገዥ መኖሩን የሚያሳይ ማስረጃ የለም የሚል ነበር። ንግግሬን በእሱ ልጀምር አስቤያለሁ። ገጹን ስገልጥ የአንድ የተሰበረ ድንጋይ ፎቶግራፍ አየሁ። በባሕር ዳር በምትገኝ ቂሳርያ በምትባል ጥንታዊ ከተማ፣ የፈረሰ ቲያትር ቤት ሲቆፈር የተገኘ ነው። የጥንት ሰዎች የቆየ ድንጋይ ነው ብለው ለደረጃ ተጠቅመውበት ኖሯል። ፊቱ ላይ በሮማይስጥ፣ በላቲን ማለት ነው፣ ተቀርጿል፤ የይሁዳ ገዥ ጲላጦስ ይላል። ከጽሑፉ አንዳንድ ፊደላት ተሸርፈዋል፤ ጲላጦስ የሚለው ግን ይነበባል።

መጽሐፉን ዘጋሁት። ጠባቂው ከደጅ ሆኖ ያየኝ መሰለኝ። ከዚያ መልሼ ከፈትኩት። ከሙት ባሕር አጠገብ ዋሻ ውስጥ ስለተገኙት ጥቅልሎች አነበብኩ። ሙሉው የኢሳይያስ መጽሐፍ በብራና ተጽፎ፣ ተጠቅልሎ ተገኝቷል፤ ከዚያ በፊት ይታወቁ ከነበሩት የዕብራይስጥ ቅጂዎች በሺህ ዓመት ገደማ ይቀድማል። ሲያስተያዩት፣ እዚህም እዚያም ከሚታዩ የአጻጻፍ ልዩነቶች በቀር፣ ያው ኢሳይያስ ነው። ያ ሁሉ ዘመን ሲገለበጥ ኖሮ አልጠፋም። ቀጥሎ ደግሞ እዚያው አካባቢ ካለ ሌላ ዋሻ የሄኖክ መጽሐፍ ቁርጥራጭ በአራማይክ ተገኘ ይላል። ሙሉው መጽሐፍ በዓለም ላይ የቀረው በኢትዮጵያ፣ በግዕዝ ብቻ ነው ይላል።

ወገኖቼ፣ ይህን ደግሜ አነበብኩት። የእናቴ ወንድም አባ ተክሌ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የመጻሕፍት መምህር ነበሩ። ልጅ ሆኜ ሄኖክ ሲሉ ሰምቻለሁ። እኔ ግን ያገሬን መጽሐፍ ተረት ነው ብዬ ነበር የተውኩት።

በማግስቱ ከትምህርት ሰዓት በኋላ በእግሬ ወደ ገዳሙ ሄድኩ። ሴት ስለማትገባ ደጁ ላይ ሆኜ አስጠራኋቸው። መቋሚያቸውን ይዘው ወጡ፤ ዛፍ ሥር ተቀመጥን። ሰው እንዳይሰማ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ያነበብኩትን ሁሉ ነገርኳቸው። ስለ ሄኖክ ስነግራቸው ፈገግ አሉ።

"በአራማይክም ተገኘ? እግዚአብሔር ይመስገን። ሐዋርያው ይሁዳ በመልእክቱ ስሙን ጠርቶ ይጠቅሰዋል። አይሁድ ከክርስቶስ ልደት በፊት ያነቡት የነበረ ነው። መጽሐፈ ኩፋሌም እንደዚሁ።"

"የጲላጦስስ ድንጋይ፣ አባ?"

"እኛ በጰንጤናዊ ጲላጦስ ዘመን ተሰቀለ እያልን በየቀኑ እንጸልያለን። ድንጋዩ ቢገኝ መልካም ነው።" ወደ እኔ ዞረው፣ "አንቺ ግን ድንጋዩን አመንሽው?" አሉኝ።

"ፎቶግራፉን አየሁት እኮ አባ። ማመን ምን ያደርጋል፣ አለ።"

"እንግዲያ ጲላጦስ ነበረ። እሱ የፈረደበትስ፣ ልጄ? እሱን ምን ልትዪው ነው?"

እስከዚያ ቀን ጉዳዩ የመጽሐፍ ጉዳይ ነበር። አሁን ሰው ሆነብኝ። አንድ ገዥ ፊት ያለ ጥፋቱ የቆመ፣ እናቱ ቆማ እያየች የተገደለ ሰው። ወንድሜ ትዝ አለኝ። እዚያው ደጁ ላይ አለቀስኩ፤ ለአበበ ያላለቀስኩትን ሁሉ አለቀስኩ። አባ እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው ቆዩ። "ምን ልበል ውጫሌ ላይ?" ስላቸው፣ "እኔ ይህን በዪ ብዬ አላስርሽም። ሕይወቱ ያንቺ ነው" አሉኝ።

ከዚያ እማማ ዘሀራን ምግብ አሠርቼ ጋሼ ይመርን ልጠይቅ እስር ቤት ሄድኩ። ጠባቂው ካድሬው የላከኝ መስሎት አስገባኝ። ጋሼ ይመር ከስተዋል፤ በእግራቸው በደንብ አይቆሙም። ምን እንደታዘዝኩ ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ሰምተዋል።

"አይፈሩም?" አልኳቸው።

"እፈራለሁ እንጂ። ብቻዬን አለመሆኔን ግን አውቃለሁ።"

"ያን ጊዜ ልጸልይልሽ ብለውኝ ነበር።"

"አሁንም እችላለሁ" አሉ። ጠባቂው ፊቱን እስኪያዞር ጠበቁና፣ የምግቡን ሳህን በሁለት እጃቸው ይዘው ለማዕድ የሚጸልዩ መስለው ጸለዩልኝ። "ጌታ ሆይ፣ ይህችን ልጅ ከያዛት ነገር ፍታት" ነው ያሉት፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም። እኔም እዚያው በልቤ፣ "ጌታ ኢየሱስ፣ ነበርክ ካሉኝማ አሁንም አለህ። ተቀበለኝ" አልኩት። ስሙ ይባረክ። የተቀበለኝ በዚያ ቀን ነው። ፍርሃቱ ግን አልሄደም። ይህን ልደብቃችሁ አልፈልግም። እንዲያውም ባሰ፤ አሁን የሚወሰድብኝ ነገር ነበረኝ።

የገበያው ቀን ደረሰ። ከጓድ ደረጀ ጋር በመኪናው ነው የሄድነው። መንገዱን ሁሉ ስለ ዝናቡ ሲያወራ እኔ በልቤ ያነበብኩትን እደጋግም ነበር። ውጫሌ ላይ ሕዝቡ ከነፍየሉ፣ ከነእህሉ ተሰብስቧል፤ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ብዙዎቹ የሚያውቁኝ ያገሬ ሰዎች። እስረኞቹን ከፊት መሬት ላይ አስቀምጠዋቸዋል።

ስሜ ሲጠራ እንዴት እንደቆምኩ አላውቅም። ከዚያ፣ "ታሪክ ነው የማስተምረው። ያገኘሁትን እነግራችኋለሁ" አልኩ። ስለ ኢሳይያስ ጥቅልል ነገርኳቸው። ስለ ሄኖክ ነገርኳቸው። ስለ ድንጋዩ ስነግራቸው አንድ ነጭ ጢም ያላቸው ሙስሊም ሽማግሌ ከመሀል ተነስተው፣ "ልጄ፣ ያ ድንጋይ የት አገር ነው የተገኘው?" ብለው ጠየቁ።

"ፍልስጥኤም ምድር፣ ባሕር ዳር ነው አባባ።"

"ሱብሃነላህ" ብለው ተቀመጡ።

ጓድ ደረጀ በዚያው ለስላሳ ድምፁ፣ "ጓድ ሙሉነሽ፣ አሁን ተረት የሆነውን ክፍል ንገሪያቸው" አለ።

"ፈለግሁ ጓድ። አላገኘሁም" አልኩት። "ጲላጦስም እውነት ነው። ጲላጦስ የሰቀለው ኢየሱስም እውነት ነው፤ ተነስቷል፤ እኔም አምኜዋለሁ።"

ጓድ ደረጀ ለዘበኞቹ በእጁ ምልክት ሰጠ። ስብሰባው ተበተነ። እስረኞቹም እንዲክዱ ሳይጠየቁ ቀሩ። እኔን ከጋሼ ይመርና ከሌሎቹ ጋር በአንድ መኪና ጭነው ደሴ ወሰዱን።

ወንድሜ የገባበት ግቢ ነው የገባሁት። በሩ ሲዘጋ ያለቀስኩትን ለቅሶ ጌታ ብቻ ያውቃል። በኋላ አንድ ሸምገል ያለ መርማሪ ፊት አቀረቡኝ።

"ማን ነው ያዘጋጀሽ? መጽሐፉን ከየት አመጣሽ?"

"ከቀበሌው መጋዘን ነው ጌታዬ። እንዳነበውም ያዘዘኝ ጓድ ደረጀ ነው።"

ሰውዬው ብዕሩን አስቀመጠ። "ይህን ብጽፍ ስንት ሰው እንደሚጠየቅ ታውቂያለሽ?" አለ። ምን እንደጻፈ እስከ ዛሬ አላውቅም። ያን ዕለት ግን አልነኩኝም። የታሰርኩበት ጊዜ ረጅም ነበር፤ ሌሎች ሲጠሩ ሰምቼ ያደርኩት ፍርሃት ተነግሮ አያልቅም። እማማ ዘሀራ ከሐይቅ ድረስ በአውቶቡስ ስንቅ ያመላልሱልኝ ነበር። ዘበኞቹ "ምንሽ ናት?" ሲሏቸው "ልጄ ናት" ይላሉ። በአጥር በኩል፣ "አብሽሪ፣ አላህ ያወጣሻል" ብለው ይሄዳሉ። እግዚአብሔር በእሳቸው እጅ ነው የመገበኝ፤ ክብር ለእሱ ይሁን።

አንድ ቀን ያለ ምንም ማብራሪያ ውጪ ተባልኩ። ከማስተማር ተባርሬ ነበር። ጋሼ ይመር ከእኔ በኋላ ወጡ፤ እግራቸው ግን እንደ ድሮው አልሆነም፤ ጌታ እስኪጠራቸው በምርኩዝ ነበር የሚሄዱት። ከእኛ ጋር ከተወሰዱት አንዱ ወንድም አልወጣም። ለምን እኔ ወጣሁ፣ እሱ ቀረ? ይህን ዛሬም አላውቅም፤ አውቃለሁ ብዬ ልዋሻችሁ አልችልም። የአበበንም መቃብር አላገኘሁም። እናቴ ግን ሥርዓቱ ሲለወጥ ድንኳን ጥላ በድምፅ አለቀሰችለት፤ እኔም አጠገቧ ተቀምጬ የትንሣኤን ተስፋ ነገርኳት።

ዛሬ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚሁ ጀርባ ባለው ክፍል ወጣቶችን መጽሐፍ ቅዱስ ከነታሪኩ አስተምራለሁ። ድንጋይ ሰውን አያድንም ወገኖቼ። እኔን አንድ ሰው ፊት አደረሰኝ፤ ያዳነኝ እሱ፣ ጌታ ኢየሱስ ነው። አመሰግነዋለሁ፤ ዕድሜዬን ሁሉ ባመሰግነው አይበቃኝም።

ከመካከላችሁ ጥያቄ የያዘ ካለ ጥያቄውን ይዞ ይምጣ፤ ጌታ በሚጠይቅ ሰው አይከፋም። ፈርቶ የተቀመጠም ካለ፣ ፍርሃቱ እስኪለቀው አይጠብቅ። እኔ እየፈራሁ ነው የመጣሁት፤ እንደፈራሁ ተቀበለኝ።