ከልደታ እስከ በዓታ

ባለፈው ሳምንት ከወገዳ አንድ ደብዳቤ ደረሰኝ። የጻፈልኝ እዚያ ያለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። በኮምፒውተር ኔትወርክ ሙያ ራስን ስለ መገንባት ለተማሪዎች ልምዴን እንዳካፍል ይጠይቃል። እስከዚህ ድረስ ደግ ነው። ቀጥሎ ያለችው መስመር ግን የያዝኩትን ሻይ እንዳስቀምጥ አደረገችኝ። «ወረዳችን ኮትኩቶ ያሳደገዎት ልጃችን እንደ መሆንዎ መጠን» ትላለች። ከግርጌው የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢው ፈርመዋል። ስሙን ሳላነብ ፊርማውን ለየሁት፤ ጅራቱ ወደ ላይ የሚጠማዘዝ ፊርማ ነው። አቶ ጋሻው! የዚያ ፊርማ ወንድም ያለበት ሌላ ወረቀት መሳቢያዬ ውስጥ ከተቀመጠ ዓመታት አልፈዋል።

ኮትኩቶ! እኔ የእስቴ ልጅ ነኝ፤ መኮትኮት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ድንች የኮተኮተ ሰው ጥፍሩ ሥር አፈር ይቀርበታል። በአቶ ጋሻው እጅ ላይ ያየሁት የማኅተም ቀለም ብቻ ነበር።

ስለ ራሴ ማውራት አልወድም፤ ከዚህ በታች የማልጽፈውም ብዙ ነው። ይህቺን ግን እጽፋታለሁ።

ወገዳ የገባሁት በሃያ አምስት ዓመቴ ነው። ደብረ ታቦር ተምሬ በኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ዲፕሎማ ይዤ ነበር። ጊዜው ጥር ነው። መንገዱ አቧራ ብቻ ነበር፤ ከአውቶቡሱ ስወርድ ቅንድቤ ሳይቀር ነጥቷል። መናኸሪያው አጠገብ ቅቅል ድንች በአዋዜ ገዝቼ ቆሜ በላሁ። እስካሁን የዚያን ድንች ትኩሳት አፌ ያስታውሰዋል።

የተቀጠርኩት በወረዳው ጽሕፈት ቤት፣ በኮንትራት፣ በመረጃ ጸሐፊነት ነው። በዚያው ወር ከጓሮ በኩል አንድ ትልቅ ዲሽ ተተከለ። ወረዳውን በሳተላይት ከክልሉ ጋር የሚያገናኝ ነው። እኛ አገር ዲሽ ወደ ሰማይ ቀና ብሎ ስለሚያይ ጣሪያ ላይ የተረሳ ትልቅ ሳህን ይመስላል፤ ይህኛው ግን የተተከለው መሬት ላይ፣ ደረት በሚደርስ ምሰሶ ላይ ነው። ዙሪያውን በቆርቆሮ ታጥሮ በቁልፍ ተዘጋ። ቁልፉን የያዙት ጥበቃው አያ ደሴ ናቸው። የመሥሪያ ክፍሉ ኃላፊ አቶ ጋሻው ነበሩ። ማሽኑን የሚያውቅ ሌላ ሰው ስላልነበረ ገመድ መዘርጋቱም፣ ማስነሳቱም፣ መጥረጉም በእኔ ላይ ወደቀ። ቋሚ የቴክኒሽያን መደብ ሊከፈት ነው ተብሎ ስለነበር ዝም ብዬ ሠራሁ። መደቡን ሌላ ሰውም ይጠብቀው ነበር፤ የአቶ ጋሻው ሚስት ወንድም።

መስመሩ ከየካቲት ጀምሮ ይጠፋ ጀመር። ረፋድ ላይ ይጠፋል፤ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ግድም ማንም ሳይነካው ራሱ ይመለሳል። ከክልል ጋር የሚደረገው ስብሰባ መካከል ላይ የክልሉ ኃላፊ ፊት ከቴሌቪዥኑ ይሰወርና ባዶ ሰማያዊ ነገር ላይ እናፈጣለን።

«ጸሐፊዋ ነካክታው ነው» ይሉ ነበር አቶ ጋሻው፣ እኔ እዚያው ቆሜ።

እኔ ደብተር ያዝኩ። መስመሩ በጠፋ ቁጥር ቀኑን፣ የጠፋበትንና የተመለሰበትን ሰዓት፣ መብራት መኖር አለመኖሩን እጽፋለሁ። አባቴ መሪጌታ ነበሩ፤ ቤታችን ቀን በቁጥር አይጠራም። ጠበል በሥላሴ፣ እንግዳ በጊዮርጊስ፣ ላሚቱ የወለደችው በአቦ ማግስት ነው። እኔም ደብተሬ ላይ እንዲያው ጻፍኩ። ይህ እንደሚያስቅ አላሰብኩም፤ ቀን ማለት ለእኔ ያ ነበር።

በግንቦት አቶ ጋሻው የመጀመሪያውን ማስጠንቀቂያ ጻፉልኝ። «በቸልተኝነት የመንግሥትን ንብረት በማበላሸት» ይላል። ሁለተኛው ከመጣ ኮንትራቴ እንደሚቋረጥ ከሥሩ ተጽፏል። ክረምቱ ገባ፤ ዝናቡ ሲወርድ፣ ደመናው ጣሪያ ሲነካ ይብስበታል ብዬ ስጠብቅ መስመሩ ደኅና ሆነ። አልገባኝም። በጥቅምት ሰማዩ ጠርቶ፣ ገብሱ ቢጫ ሆኖ፣ ሁሉ ነገር ሲያምር መስመሩ እንደገና ይጠፋ ጀመር።

በጥቅምት መጨረሻ ከባሕር ዳር ሰሎሞን የሚባል ባለሙያ መጣ። ረጋ ያለ፣ ጥያቄ የሚበዛው ወጣት ነው። የመጣው በማርቆስ ዕለት ነበር፤ መስመሩም የዚያን ዕለት ጤነኛ ነበር። ማሽኑን ፈትሾ፣ ገመዱን ለክቶ ምንም ሲያጣ፣

«መቼ መቼ ነው የሚጠፋው? የመዘገባችሁት ነገር አለ?» አለ።

ደብተሬን አወጣሁ። አቶ ጋሻው ከእጄ ላይ ቀሙኝ። የወረዳው አስተዳዳሪ፣ የፋይናንስ ሠራተኞች፣ በር ላይ የቆሙት አያ ደሴ ሳይቀሩ ሁላችንም እዚያው ነበርን።

«ይስማ እንጂ እንግዳው!» አሉና ድምፃቸውን እንደ ደብተራ እየጎተቱ ያነቡ ጀመር። «የካቲት፣ የልደታ ማግስት ጠፋ። መጋቢት፣ በዓታ ዕለት ጠፋ። ሚያዝያ፣ የልደታ ማግስት ጠፋ። ይኼ ስንክሳር ነው ሪፖርት? ግንቦት፣ በዓታ! ጥቅምት፣ ልደታ! አንቺ ልጅ፣ መቋሚያና ጸናጽል እናምጣልሽ?»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። አስተዳዳሪው እንኳን አፋቸውን በእጃቸው ጋርደው ሳቁ።

ያልሳቅነው ሁለት ነበርን፤ ሰሎሞንና እኔ። ለማንም ያልነገርኩትን ልናገር። እስከዚያች ደቂቃ እኔም አላየሁትም ነበር። በደብተሩ ውስጥ መብራት የጠፋባቸው ቀኖች፣ ገመድ የተቆረጠባቸው ቀኖች ተቀላቅለው ነበር። አቶ ጋሻው ለማላገጫ የሚመቻቸውን፣ መብራት ሳለ ረፋድ ላይ የጠፋባቸውን ብቻ እየመረጡ ሲያነቡ ነው ጆሮዬ የሰማው። ልደታ ወር በገባ በአንደኛው ቀን ነው፤ በዓታ በሦስተኛው። ሁልጊዜ ከልደታ እስከ በዓታ።

«ነገ ልደታ ነው» አልኩ።

«እሺ፣ ነገስ?» አሉ አቶ ጋሻው።

«ከነገ እስከ በዓታ ባሉት ቀኖች ይጠፋል።»

«ደግሞ ነቢይት ሆነሽ ቁጭ አልሽ!» ወደ አስተዳዳሪው ዞሩ። «ጌታዬ፣ እስከ በዓታ ካልጠፋ ሁለተኛውን ደብዳቤ ዕለቱን እፈርማለሁ። ከጠፋም ያጠፋችው እሷ ናትና እፈርማለሁ።»

እንግዲህ በየት በኩል ልውጣ? ቢጠፋም ባይጠፋም ተባራሪ ነኝ። መውጫዬ ምክንያቱን ማግኘት ብቻ ነበር።

ወደ ቤቴ ስሄድ በጣቴ ቆጠርኩ። ከልደታ በኋላ ምን አለ? ኅዳር ሚካኤል በዐሥራ ሁለት ነው። ከበዓሉ ዐሥር ቀን ግድም አስቀድሞ ሰው ምን ያደርጋል? ይህን ሰሎሞን አያውቀውም፤ የማሽኑ መመሪያ መጽሐፍ ላይም የለም። ጠላ ጠምቃ የምታውቅ ሴት ሁሉ ግን ታውቀዋለች። ብቅል ይደርቃል። የሚካኤልን ማኅበር ወር በወር የሚጠጡት፣ ብቅሉንም የሚያዘጋጁት ደግሞ እነ አያ ደሴ ናቸው። በክረምት ፀሐይ ስለሌለ ብቅሉ ከጭስ በላይ ቆጥ ላይ ይሰቀላል እንጂ ደጅ አይሰጣም።

ልደታ በሰላም ዋለች። አቶ ጋሻው በአጠገቤ ባለፉ ቁጥር ያፏጩ ነበር። በማግስቱ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ መስመሩ ጠፋ። ሁሉም ወደ ማሽኑ ክፍል ሲሮጥ እኔ ሰሎሞንን በእጅጌው ይዤ በጓሮ ወጣሁ። የቆርቆሮው በር ገርበብ ብሏል። ሳንገባ ሽታው ተቀበለን፤ ያ ጣፋጭ፣ ጎምዘዝ የሚል የብቅል ሽታ። የአያ ደሴ ባለቤት እትዬ የሻረግ በርጩማ ላይ ቆመው፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ እርጥብ ብቅል በዲሹ ሆድ ውስጥ በመዳፋቸው ያሰጣሉ።

«እትዬ የሻረግ!»

«ውይ አበቡ፣ አስደነገጥሽኝ! ነይ እስቲ ያን ሰፌድ አቀብይኝ።»

«እዚህ ላይ ለምን አሰጡት?»

«ታዲያ የት ላስጣው? እዚህ ዶሮ አይደርስበት፣ ፍየል አይገባ። ብረቱ ፀሐይ ይስባል፤ በአንድ ቀን ክው ይላል። መንግሥት እንዲህ ያለ መልካም ማስጫ አቁሞ ባዶውን ሲውል አያሳዝንም?»

ሰሎሞን ቆርቆሮውን ተደግፎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ከዚያ እርጥብ እህል ምልክቱን እንደሚውጠው፣ ሲደርቅ ግን እንደሚለቀው ነገራቸው። እትዬ የሻረግ ግማሹን አላመኑትም፤ ግን አፈሱ። የመጨረሻዋ ሰፌድ ስትነሣ ከመሥሪያ ቤቱ መስኮት «መጣ! መጣ!» የሚል ጩኸት ተሰማ። ከዚያ በኋላ በሠራሁባቸው ዓመታት ብዙ መስመር አስነስቻለሁ፤ እንደዚያ ጩኸት የጣፈጠኝ የለም።

አቶ ጋሻው አያ ደሴ ይባረሩ አሉ። «እርስዎ ለዘጠኝ ወር ከጓሮ ዞረው ያላዩትን ነገር አንድ ሽማግሌ በምን ይጠየቁበታል?» አልኳቸው፣ በአስተዳዳሪው ፊት። ፊታቸው ምን እንደመሰለ አልጽፍም፤ ለራሴ አስቀምጬዋለሁ። ለእትዬ የሻረግ ከአጥሩ ውጭ የእንጨት ማስጫ ተሠራላቸው። ሰሎሞን ሪፖርቱን ሲጽፍ «ምክንያቱን በመዝገብ ተከታትላ ያገኘችው» ብሎ ስሜን ከነአባቴ አሰፈረ። መደቡ በወጣ ጊዜ ተወዳድሬ ያለፍኩት በዚያ ሪፖርት ነው። የሚስታቸው ወንድምም ተወዳድሮ ነበር። አቶ ጋሻው ግን በዓመቱ ስብሰባ ላይ «ችግሩን ደርሰንበት» ብለው አቀረቡት። ደርሰንበት!

ከዚያ ንፋስ መውጫ ተዛወርኩ፤ ለትምህርት ቤቶች ገመድ ዘረጋሁ። የኔትወርክ አድራሻ አከፋፈልን ከአንድ ሽፋኑ ከወለቀ መጽሐፍ ብቻዬን ተማርኩ፤ ሁለት ጊዜ ወድቄ በሦስተኛው የሙያ ፈተናውን አለፍኩ። አሁን ባሕር ዳር ዐሥራ አራት ሰዎች እመራለሁ። አዲስ ተቀጣሪ ሲመጣ መጀመሪያ የምሰጠው ደብተር ነው። አንዳንዱ ማሽኑ ራሱ ይመዘግብ የለም ወይ ይለኛል። ይመዘግባል እላለሁ፤ ማን ብቅል እንዳሰጣ ግን አይጽፍም።

ለወገዳ ተማሪዎች የምነግራቸው ይኸንኑ ነው። ራውተሩ ሲቀያየር ይኖራል፤ የተማሩት ሁሉ ያረጃል። ያዩትን በራሳቸው ቋንቋ፣ በየቀኑ፣ ሳያፍሩ የጻፉት ግን ሥራ ያስገኛል። የሚስቅባቸው ካለ ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲያነበው ይተዉት።

መልሱን ዛሬ ጻፍኩ። «ኮትኩቶ ያሳደገዎት» የምትለዋን በቀይ ሰርዤ ደብዳቤያቸውን መልሼ አያያዝኩት። የማስጠንቀቂያውን ቅጂም ጨመርኩ፤ ተማሪዎቹ ሁለቱን ፊርማዎች ጎን ለጎን እንዲያዩአቸው። የምመጣበትን ቀን እንዲህ ብዬ አሳወቅኩ፦ «ኅዳር፣ የልደታ ማግስት፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት።»

ቁጥሩን አልጻፍኩም። አቶ ጋሻው ቆጥረው ይድረሱበት።