ለእንግዳ የተቀባው ሰፈር

ዳንግላ አስተማሪ ሆኜ በኖርኩባቸው ዓመታት የተከራየሁት ክፍል በከተማዋ አሮጌ መንገድ ላይ ነበር። በግራና በቀኝ ፎቅ ቤቶች ተደርድረዋል። ፎቅ ሲባል ታችኛው ድንጋይ፣ ላይኛው እንጨትና ጭቃ፣ ከፊት ደግሞ መንገዱን ቁልቁል የሚያይ የእንጨት ሰገነት ማለት ነው። ማን ሠራቸው ተብሎ ሲጠየቅ ሰፈሩ ለሁለት ይከፈላል። ግማሹ ጣሊያን ነው ይላል፤ ግማሹ የለም፣ ከጣሊያን በፊት የመጣ አንድ አርመን ነው ይላል። የአገሩ አናጢ ሊሠራው ይችላል ብሎ የገመተ አንድም ሰው አላጋጠመኝም። ቤት ካማረ የሠራው የውጭ ሰው ነው፤ ከዘመመ ጥፋቱ የባለቤቱ ነው።

ከሁሉም የሚያምረው የአከራዬ ቤት ነበር። አከራዬ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጅ ያልወለዱ፣ ሰባውን ያለፉ ሴት ናቸው። እማማ እላቸው ነበር። ከገጠር ማር ይዘውላቸው ከሚመጡት ጋር በአገውኛ፣ ከእኔ ጋር በአማርኛ፣ ከቤቱ ጋር ደግሞ በሁለቱም ያወራሉ። ቤቱን ያሠሩት አማታቸው ናቸው። የሰገነቱ መደገፊያ ጥድ ነው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሐረግ ተቀርጾበታል። እማማ ሙሽራ ሆነው የመጡ ዕለት ሰርገኛው ሲጨፍር ያዩት እዚያ ላይ ቆመው ነው። እዚያው ሰገነቱ ላይ የተነሡት የሰርግ ፎቶ ሳሎን ተሰቅሏል።

እውነቱን ልናገር፣ እኔ ያንን ሰገነት አልወደውም ነበር። ስረግጠው ይንቋቋል፤ ክረምት በገባ ቁጥር ያንጠባጥባል። በአራት ዓመት ውስጥ ያልሰደብኩበት ሳምንት የለም። ጓደኞቼ ከባሕር ዳር ሊጠይቁኝ ሲመጡ፣ እማማ እየሰሙ፣ «ምን ላድርግ፣ ሙዚየም ውስጥ ነው የምኖረው» እያልኩ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የማስተምረው ታሪክ ነው። ክፍል ውስጥ ስለ አክሱም ሐውልት ስናገር ድምፄ ይንቀጠቀጣል፤ ቤት ስመለስ በተቀረጸ ጥድ ላይ ካልሲ አሰጣለሁ።

ጊዜው ከተማ ሁሉ ኮብልስቶን ካላነጠፈ የማያድግ የሚመስለው ጊዜ ነበር። አንድ ቀን ሜትርና ቀይ ቀለም የያዙ ሰዎች መጡ። መንገዱ ሊሰፋ ነው፤ ከቀዩ ምልክት በወዲህ ያለው ይፈርሳል። የእማማ ቤት ምልክት ግድግዳ ላይ አልወደቀም፤ ልኩ ቢለካ ቢለካ ሳሎኑ መሐል ላይ አረፈ። ሰዎቹም ሥራቸውን የሚያከብሩ ናቸውና ጫማቸውን ሳያወልቁ ገብተው ወለሉ ላይ ቀይ መስመር አሰመሩ። እማማ አልጮሁም። ጀበናቸውን ከመስመሩ ወዲያ ወደ ጓዳው ጠጋ አደረጉና፣ «ከዚህ ቤት የምወጣው በቃሬዛ ነው ብዬ ነበር» አሉ። ሌላ የራሴ የሚሉት ቤት አልነበራቸውም።

ከወር በኋላ ግን ተስፋ መጣ። ከእንጅባራ፣ ከዞኑ፣ ባለሙያዎች መጥተው በቅርስነት የሚመዘገቡ ቤቶችን ሊመርጡ ነው ተባለ። የተመዘገበ ቤት አይፈርስም፤ መንገዱ ራሱ ይዞርለታል። የታሪክ አስተማሪ ስለሆንኩ እንግዶቹን የማስጎብኘው እኔ እንድሆን ተወሰነ። ደረቴን ነፍቼ የዕድር ስብሰባ ላይ ቆምኩ። «ከዞን ትልልቅ እንግዶች ይመጣሉ። የእያንዳንዳችሁን ቤት ከውጭም ከውስጥም ያያሉ። የወደዱት ቤት አይፈርስም» አልኩ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። የሚወዱት አሮጌነቱን ነው የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ግን አልጨመርኩም። ይህማ ለማን ይጠፋዋል ብዬ! የተናገርኩት ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። በማግስቱ የሦስት ሳምንት ሥልጠና ብለው እንጅባራ ወሰዱኝ፤ ስለ ተግባቦት ክህሎት ነበር የሠለጠንኩት።

በእኛ አገር እንግዳ ሊመጣ ነው ሲባል የሚደረገው የታወቀ ነው። ግድግዳ ይመረጋል፣ ወለል በእበት ይለቀለቃል፣ ያረጀ ያፈጀው ሁሉ ጓዳ ይገባል። እንግዳን በአሮጌ ነገር መቀበል እንግዳውን መናቅ ነው። እኔም ያደግሁት እንዲሁ ነው፤ አላውቅም ነበር ብዬ የማመካኝበት አፍ የለኝም።

ሥልጠናው ሲያልቅ ከሦስቱ ባለሙያዎች ጋር በአንድ ሚኒባስ ወደ ዳንግላ ተመለስኩ። መንገዱን ሙሉ ስለ ሰገነቶቹ አወራሁ። «ስታዩት ትደነግጣላችሁ» ማለቴም አልቀረም። ደርሰን ከሚኒባሱ ወረድን። ደነገጥን።

ሰፈሩ ሮዝ ሆኗል። ሮዝ ያልሆነው አረንጓዴ፣ አረንጓዴ ያልሆነው ውሃ ሰማያዊ ነው። ጥርብ ድንጋዩ በሲሚንቶ ተለስኗል፤ የእንጨት መስኮቶቹ ወልቀው የብረት ተገጥሟል። አንዱማ ቤቱን ከፊት ለፊት እንደ መታጠቢያ ቤት በሴራሚክ ለብጦታል። ሰፈርተኛው ነጭ ለብሶ በየደጁ ቆሟል፤ ሲያየን አጨበጨበ። ካሜራ ያንጠለጠለው ባለሙያ ግራ ገብቶት አንድ ባለጋሪ ጠየቀ።

«ወንድሜ፣ አሮጌው መንገድ በየት ነው?»

ባለጋሪው ፈረሱን አቁሞ በኩራት፣ «ድሮ እዚህ ነበር» አለው።

የእማማ ቤት ሰማያዊ ነበር። ሰገነቱ የለም። በቦታው ላይ አዲስ ቆርቆሮ ያብረቀርቃል። እማማ እየሳቁ ወደ ሳሎን አስገቡን፤ ቀዩ መስመር ላይ አዲስ ላስቲክ ምንጣፍ ተነጥፎበታል። ዶሮው ቀረበ። እንግዶቹ ደክሟቸው ነበርና እጃቸውን ታጥበው ገቡበት። ባለካሜራው እየጎረሰ ቀና ሲል የሰርጉን ፎቶ አየ።

«እናቴ፣ ይህ ሰገነት የማን ቤት ነው?»

«የዚሁ ቤት ነዋ!»

«አሁን የታለ?»

«አስነቀልኩት እንጂ! የበሰበሰ ነገር ገትሬ ላሳያችሁ ኖሯል? ይልቅ እንጨቱ ደረቅ ጥድ ነው፤ ይህን ወጥ ያበሰለልኝ እሱ ነው። ብሉ እንጂ፣ በሞቴ!»

የሰውየው እጅ መሶቡ ላይ ቀረ። እኔ አላስቻለኝም፤ እማማን ወደ ጓዳ ጠራኋቸው።

«እማማ፣ ምን ነካዎት? ቤቱን የሚያድነው እሱ ነበር እኮ! ማን አስነቅሉ አለዎት?»

እማማ ትክ ብለው አዩኝ። «አራት ዓመት ሙሉ ስታፍርበት ኖረህ» አሉ። «ጓደኞችህ በመጡ ቁጥር ይቅርታ ስትል እሰማህ የለም? ዛሬ ትልልቅ ሰዎች ይዘህ ስትመጣ በእኔ ቤት አንገትህን እንድትደፋ ነው?»

የተግባቦት ክህሎት የምስክር ወረቀቴ ኪሴ ውስጥ ነበር።

ባለሙያዎቹ ባዶ እጃቸውን ላለመመለስ አንድ ቤት መዘገቡ። ባለቤቱ ዘግቶት ከአገር የጠፋ፣ ጣሪያው የጎበጠ፣ ፍየል የሚያድርበት የእህል መጋዘን ነው። የሚያፍርበት ሰው ስላልነበረው ሳይቀባ ተርፏል። የቅርስ ታርጋ ተመታበት፤ መንገዱም ለፍየሎቹ ዞረ። ሌሎቻችን የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባልልን ሆንን።

ከፋሲካ በኋላ የእማማ ቤት እስከ መስመሩ ድረስ ፈረሰ። ግማሽ ሳሎን ቤት አይሆንም፤ ግምጃ ቤት ከተማ ያለች የእህታቸው ልጅ ዘንድ ሊኖሩ ሄዱ። ዕቃቸውን ጋሪ ላይ የጫንኩት እኔ ነኝ። ይቅር ይበሉኝ ለማለት አፌን ስከፍት፣ በአሮጌ ነጠላ የተጠቀለለ ክንድ የሚያህል ነገር አቀበሉኝ። ከመደገፊያው የተቆረጠ ጥድ ነው፤ ሐረጉ አለ።

«ይችን አላነደድኳትም» አሉ። «ካልሲህን የምታሰጣባት ናት።»

ዛሬ የምኖረው እንጅባራ፣ አዲስ የብሎኬት ቤት ውስጥ ነው። ጥዷን ሳሎን ግድግዳ ላይ ሰቅያታለሁ። እንግዳ ሲመጣ ባለቤቴ ጓዳ ታስገባታለች፤ እንግዳው ሲሄድ እኔ መልሼ እሰቅላታለሁ።