በጎሬው አፍ ላይ የነበረው እሾህ

ከአንኮበር ቁልቁል፣ ወንዙ ከገደሉ ወጥቶ በሚረጋበት ቦታ፣ አንዲት የውሃ ውሻ በዛፍ ሥር ጎሬ ውስጥ ሁለት ግልገል ነበራት። ጠጉሯ ልስልስ፣ ጅራቷ ወፍራም፣ ከየብስ ይልቅ ውሃ የሚቀናት አውሬ ናት። ያገኛት ታላቅ ወንድሜ ነው። እሱ ዲያቆን ነበር፤ እኔ ገና ዜማ እማር ነበር።

ከብቱ ሁሉ ያለቀበት ዓመት ነው። በረታችን ባዶ ቀረ። ጅብ የሞተውን በልቶ ሲጨርስ በሕይወት ወዳለው ዞረ። ነብርም በቀን ወንዝ ዳር ይታይ ጀመር። አንዱን ግልገል ንስር ወሰደው፤ ወንድሜ እያየ። በማግስቱ የቀረውን ጅብ እንዳይወስድበት እሾህ ቆርጦ፣ ለጥጃ እንደሚደረገው፣ ጎሬውን በየብስ በኩል አጠረው። በውሃው በኩል ለእናቲቱ መግቢያ ተወላት።

ጎረቤታችን የተወቀጠ የብርብራ ፍሬ ይዞ መጣ። ብርብራ ውሃ ላይ ሲበተን ዓሣው ሰክሮ ይንሳፈፋል። አጥሩን አይቶ ሳቀ።

«ዲያቆን፣ የኛ ጥጃ ሲያልቅ ለውሻ በረት ሠራህ?»

«አንተም ሌላ ልጅ ስትወልድ አጥርልሃለሁ፣ አያ» አለው ወንድሜ። ከዚያ ሳይስቅ ቀጠለ፤ «ብርብራው ሸርጣኑንም ይፈጀዋል። ሸርጣን እኛ አንበላም። እሷ ግን በምን ታድራለች?»

«ልጆቼስ በምን ያድራሉ?»

ሰውየው ግን ከጎሬው ርቆ፣ ወደ ታች ወርዶ በተነው።

ብዙም ሳይቆይ ወንድሜ በተስቦ ወደቀ። ትኩሳቱ ጋብ ሲልለት የሚጠይቀኝ ስለዚያ አጥር ነበር። «እሾሁ ሳስቶ እንደሆነ እየው» አለኝ። ሌላም ነገር ሊናገር ነበር መሰለኝ። በዚያው ሌሊት ሞተ።

የቀበሩት ሰዎች አቅም አልነበራቸውም፤ ጉድጓዱ ጥልቅ አልሆነም። ጅብ በዚያ ሰሞን መቃብር ይቆፍር ነበር። መቃብሩን በእሾህ መሸፈን ነበረብኝ፤ መጥረቢያችንን ግን በገብስ ለውጠነዋል። ያለ መጥረቢያ የማገኘው የተቆረጠ እሾህ አንድ ቦታ ብቻ ነበር።

ወረድኩ። ከጎሬው ውስጥ ግልገሉ ሲያፏጭ ሰማሁ። ወንድሜን ብጠይቀው ከመቃብሩና ከጎሬው የትኛውን ተው እንደሚለኝ አውቅ ነበር። እሾሁን እየጎተትኩ ወጣሁ፤ እጄ ደማ።

ጅብ መቃብሩን አልነካም። እንደገና ወደ ወንዙ ስወርድ የጎሬው አፍ ተቆፍሮ ሰፍቷል፤ አፈሩ እስከ ውሃው ድረስ ተበትኗል። እናቲቱ ከማዶ፣ ድንጋይ ላይ፣ ወደ ጎሬው ዞራ ብቻዋን ተቀምጣ ነበር። ስታየኝም አልሸሸችም።