የሱሉልታው ቦይለርና የኦቦ ቶሎሳ ሸሚዝ

ቡራዩ ያለው የቦይለር ጥገና ወርክሾፕ ሥራ የጀመርኩ ቀን የብሎን መፍቻ ቺያቤ የሚያስጨብጠኝ ሰው ጠብቄ ነበር። የተሰጠኝ የሽቦ ብሩሽ ነው። ኃላፊያችን ኦቦ ቶሎሳ ከእግር እስከ ራሴ አዩኝና፣ «ኢንተላ፣ መጀመሪያ ቱቦ ጥረጊ። ማስፋቱ ይደርሳል» አሉኝ። ስሜ አስካለ መሆኑን የሰሙ አልመሰለኝም፤ ለእሳቸው እስከ መጨረሻው ኢንተላ፣ ልጅቷ፣ ሆኜ ቀረሁ።

ሥራችን ሲያወሩት ቀላል ነው። ቦይለር ሆዱ ውስጥ ብዙ ቱቦ አለው። የቱቦው ጫፍ ወፍራም ብረት ላይ በተበሳ ቀዳዳ ይገባና፣ ከቀዳዳው ጋር ጥብቅ ብሎ እስኪያያዝ ድረስ ከውስጥ ወደ ውጭ ይሰፋል። ካነሰ ውኃ ያፈሳል። ከበዛም ቱቦው ይሳሳና ያው ያፈሳል። ኦቦ ቶሎሳ ይህን ሁሉ የሚሠሩት በእጅ በሚዞር ሮለር ነበር፤ ልኩን የሚነግራቸው ክንዳቸው ነው።

ወርክሾፑ የራሱ ሕግ ነበረው። ጥገናው አልቆ ቦይለሩ በውኃ ግፊት ሲፈተሽ፣ ቱቦውን ያሰፋው ሰው ንጹሕ ልብሱን ለብሶ በተከፈተው የቦይለር በር ፊት ይቆማል። ካፈሰሰ በውኃው ታጥቦ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሕጉን ያወጡት ኦቦ ቶሎሳ ናቸው፤ ለዚሁ ጉዳይ የተተኮሰ ነጭ ሸሚዝ ሰቅለው ያስቀምጡ ነበር። ሸሚዙ አንድም ቀን ርሶ አያውቅም። ይህንንም ሳንጠይቃቸው ይነግሩናል።

አዲሱ መሣሪያ ሲመጣ እኔ ብሩሼን ጥዬ እሱ ላይ ተመደብኩ። ከኮምፕሬሰር አየር እየወሰደ የሚሠራ ትንሽ ፓምፕ ነው። በአየሩ ጉልበት ውኃ ይገፋል፤ ውኃው ቱቦው ውስጥ በገባ ዘንግ በኩል ቱቦውን ያሰፋዋል። ሲነሳ ቷ ቷ ቷ እያለ ይቸኩላል፣ ግፊቱ ሲጨምር ይዘገያል፣ የተስተካከለለት ልክ ላይ ሲደርስ ደግሞ ቀጥ ይላል። ኦቦ ቶሎሳ ይህን አመሉን አልወደዱለትም። ቀጥ ባለ ቁጥር «ይኸው ደከመው! ምሳውን ስጡት እንጂ» ይሉ ነበር። ሰበታ አንድ ሳሙና ፋብሪካ ወስደነው ጥሩ አድርጎ ሠራ። «ቀንቶት ነው» አሉ።

ቀጥሎ ሱሉልታ አንድ የወተት ማቀነባበሪያ ሥራ ሰጠን። ኦቦ ቶሎሳ ገና ዕቃ ሳናወርድ ፍርድ ሰጡ። «ይሄ ካፈሰሰ ማሽኑ ወደመጣበት፣ አንቺም ወደ ብሩሽሽ።» ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም። ያን ብሩሽ ደግሞ ከልቤ ነበር የምጠላው።

የፍተሻው ቀን የእህቴ መልስ ሆኖ አረፈው። ድግሱ ቡራዩ ነው። ቀሚሴን በፌስታል ይዤ ሥራ ገባሁ። የቀረኝ አንድ ቱቦ ብቻ ነበር፣ ታች ጥግ ላይ ያለው። ዘንጉን አስገባሁ፣ አየሩን ከፈትኩና በስተጀርባ ያሉትን ጫፎች ለማየት ዞርኩ። ስመለስ ኦቦ ቶሎሳ ዘንጉን አውጥተው በጨርቅ ይወለውላሉ።

«ጨርሼልሻለሁ። ሂጂ ልበሺ፣ እህትሽ እንዳትቀየምሽ» አሉኝ። ከደስታዬ ብዛት ላቅፋቸው ምንም አልቀረኝም።

ከላይ የአበሻ ቀሚስ፣ ከታች የሥራ ቦት ጫማዬን አድርጌ በሩ ፊት ቆምኩ። የፋብሪካው ኃላፊ አቶ ነስሩ አዩኝና፣ «ቦይለሩን ልትድሪው ነው እንዴ?» አሉ። ሁላችንም ሳቅን። ውኃው ሞላ፤ ግፊቱ መጨመር ጀመረ። ቱቦዎቹ ሁሉ ደረቅ ናቸው። ቆይቶ ታች ጥግ ላይ ያለው ማላብ ጀመረ። ላቡ ጠብታ ሆነ፣ ጠብታው ቀጭን ፍንጥቅታ ሆነ።

አቶ ነስሩ ሳቃቸውን አቆሙ። «ይሄን የሠራው ማነው?»

ኦቦ ቶሎሳ ናቸው ብል እውነት ነው፤ ግን በዕድሜ አባቴ የሚሆኑትን አለቃዬን በደንበኛ ፊት እንዴት አድርጌ ላጋልጣቸው? ዝም ካልኩ ደግሞ ብሩሹ አለ። እሳቸውም ዝም ቢሉ የሚያውቅባቸው የለም፤ ማሽኑም ይሄድላቸዋል። ፈራሁ።

ኦቦ ቶሎሳ ቱታቸውን ከላይ እያወለቁ መጡ። ከሥሩ ያንን ነጭ ሸሚዝ ለብሰውታል። ክንዴን ይዘው ወደ ጎን አደረጉኝና ቦታዬ ላይ ቆሙ።

«እኔ ነኝ። ፓምፑ ሲቆም ደከመው ብዬ አየር ጨመርኩለት፣ ቱቦውን አሳሳሁት። እሷ የሠራችው ይኸው ደረቅ ነው፣ እዩት» አሉ። ከዚያ የፍተሻውን ውኃ የሚገፋውን ፓምፕ ወደያዘው ሠራተኛ ዞረው፣ «ምን ታየኛለህ? ጨምር!» አሉት።

ውኃው ደረታቸው ላይ አረፈ። ፍተሻው እስኪያልቅ ንቅንቅ አላሉም። እየሳቅኩ አለቀስኩ፤ ሰው እንደዚያን ቀን አክብሬ አላውቅም። እርጥብ ሸሚዛቸውን እንደለበሱ ወደ መልሱ ይዣቸው ሄድኩ። ሙሽራዋ እህቴ የሱሉልታ ዝናብ የመታቸው መስሏት አዘነችላቸው።

በማግስቱ ቱቦውን ቆርጠን አውጥተን አዲስ ተካን። ያሰፋሁት እኔ ነኝ። ኦቦ ቶሎሳ አጠገቤ ቁጭ ብለው የፓምፑን ግፊት የሚያሳየው ጌጅ ላይ አፈጠጡ።

«ቆመ?» አሉኝ።

«ደረሰ» አልኳቸው።

ሥራውን ለምትጀምሩ የምነግራችሁ ይህን ነው፦ ፓምፑ ሲቆም አየር አትጨምሩ። መጀመሪያ ጌጁን እዩ። ልኩ ላይ ከደረሰ ግፊቱን ልቀቁ፣ ዘንጉን አውጡና ወደሚቀጥለው ቱቦ እለፉ።