ፀሐይ ላይ የተሰጡ የሬዲዮ ድንጋዮች

ባለፈው ሰሞን ጫማዬን ላሰፋ አንድ ጫማ ሰፊ ደጃፍ ተቀምጬ ሳለሁ፣ ሰውዬው ከጎኑ ፀሐይ ላይ ካሰጣው ቁራጭ ቆዳ የተነሣ ትኩስ ሽታ ድንገት አፍንጫዬን ሞላውና፣ ተከትሎት የአባቴ ሬዲዮ መጣብኝ። ያቺ ሬዲዮ ቡናማ የቆዳ ልብስ ነበራት፤ ድምፅ እንዲወጣላት ከፊቷ በኩል እንደ ወንፊት ተበሳስቷል፤ በበጋ በረንዳው ጫፍ ላይ ስትቀመጥ ቆዳዋ ይግልና ቤታችን በሙሉ ያንኑ ይሸት ነበር። ጫማ ሰፊው «እናቴ፣ አመመዎት እንዴ?» ብሎ ሲጠይቀኝ ነው ዕንባዬ መውረዱን ያወቅሁት።

ያደግሁት ዲላ ነው፣ በጃንሆይ ጊዜ። አባቴ ደምሴ የቡና መፈልፈያ መኪና ላይ ይሠራ ነበር፤ ከታኅሣሥ ጀምሮ ደረቅ ቡና ከኢዲዶም ከጨለለቅቱም በጭነት እየመጣ ሲከመር፣ መኪናዋ ከጠዋት እስከ ማታ ስትጮኽ ትውልና፣ አባባ ገለባ ቅንድቡ ላይ ሳይቀር ተጣብቆበት፣ ጆሮው ውስጥ ንብ እንደገባበት ሁሉ ራሱን እየነቀነቀ ወደ ቤት ይመጣ ነበር። ታጥቦ ራቱን ከበላ በኋላ ሌላ ሰው ይሆናል። ሬዲዮዋን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ወይ ኳስ ወይ ዘፈን ይፈልጋል፤ ከሁለቱ ሌላ የሚወደው ነገር በዚህ ዓለም ላይ ነበረው ለማለት ይከብደኛል፣ ከእናቴና ከእኔ በቀር።

ያለ አስተያየት የሚያልፈው ነገር አልነበረም። ከጎሉ ርቆ የሚወጣ በረኛ ለእሱ በሩን ከፍቶ ገበያ የሄደ አባወራ ነው፤ ኳስ የማያቀብለውን አጥቂ «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል!» እያለ ይራገመዋል፤ ዳኛ የተባለ ሁሉ ዓይኑ ውስጥ ጉድፍ አለበት። ዘፈን ላይማ ይብስበት ነበር። ሳክስፎን ነፊውን አመስግኖ፣ ከበሮ መቺውን ወቅሶ፣ በአፍንጫው የሚዘፍነውን ደግሞ «ጉንፋኑ ይሻለውና ይመለስ» ብሎ ይሸኘዋል።

እናቴ ማርታ የደጋው የቡሌ ልጅና የሚሲዮን ሰው ስለነበረች፣ ዘፈን ለእሷ ኃጢአት ነበር፤ ኳስ ደግሞ ኃጢአት ባይሆንም ሞኝነት ነው። ዘፈን ሲጀመር ነጠላዋን ጆሮዋ ላይ ጣል አድርጋ ወደ ማድቤት ትሄዳለች። ረቡዕና ዓርብ ማታ ሬዲዮዋ የእሷ ናት፣ ስብከትና መዝሙር ታዳምጥባታለች፤ የቀረው ቀን የአባባ ነው። የጠብ ምክንያት ድንጋይ ብቻ ነበር፤ ሬዲዮዋ የምትሠራበትን ማለቴ ነው፣ ያኔም ዛሬም የሬዲዮ ድንጋይ ነው የምንለው። «ዘፈንህ ድንጋዩን በላው፣ ለእግዚአብሔር ቃል ምን ቀረ?» ትለዋለች፤ እሱም «አንቺ ሰባኪሽ ረጅም ተናጋሪ ነው፣ ዘፋኝ ቶሎ ይጨርሳል» ይላትና ሁለቱም ይስቃሉ።

ድንጋይ ሲደክም ፀሐይ ላይ ይሰጣል። እማዬ ለቤት የሚሆነውን ቡና ሰሌን ላይ ስታሰጣ፣ ከሰሌኑ ጥግ ላይ ድንጋዮቹን መደርደር፣ ዶሮ እንዳይጭራቸው መጠበቅ፣ እንደ ቡናው ማገላበጥ የእኔ ሥራ ነበር። ፀሐይ የሞቀ ድንጋይ ለጥቂት ቀን ነፍስ ይዘራል። አንድ በጋ ላይ ግን አባባ ድንጋዮቹን በየቀኑ ያስወጣኝ ጀመር። «ሬዲዮዋ ሰለለች፣ ፀሐዩ አልበቃቸውም» ይለኛል፤ እኔም ከጠዋት ጀምሮ አሰጣለሁ፤ ማታ ላይ ድምፅ መጨመሪያውን እስከ መጨረሻው አዙሮ፣ ጆሮውን ቆዳዋ ላይ ለጥፎ ያዳምጣል። ጎረቤቶቻችን «የደምሴ ሬዲዮ እስከ ለገዳራ ወንዝ ድረስ ይሰማል» እያሉ ይቀልዱ ነበር። እኔም ቀልድ መስሎኝ እስቅ ነበር።

የበልጉ ዝናብ ገብቶ ፀሐይ ሲጠፋ፣ አባባ ድንጋዮቹን ምድጃ ዳር ያሞቃቸው ጀመር። ከፋሲካ በኋላ አንድ እሑድ የአዲስ አበባና የአስመራ ቡድኖች ትልቅ ጨዋታ በሬዲዮ ሊተላለፍ ሆነና፣ ይህንንስ በደከመ ድንጋይ አልሰማም ብሎ በዋዜማው ከሸምሱ ሱቅ አዲስ ድንጋይ ገዛ። ሸምሱ ከሰሜን አገር የመጣ፣ ሰላቱን የማያጓድል፣ የሸጠውን ዕቃ ግን ሰማይ ቢደፋ የማይመልስ ነጋዴ ነበር። እሑድ ከሰዓት እማዬ ጸሎት ቤት ሳለች አባባ አዲሱን ድንጋይ አስገብቶ ሬዲዮዋን ከፈተ። አስተላላፊው እየጮኸ ነበር፣ ሜዳው እየጮኸ ነበር፣ እኔ በሁለት እጄ ጆሮዬን ይዤ ነበር። አባባ መጨመሪያውን አዞረ፣ ጆሮው ላይ ለጠፋት፣ ነቀነቃት፣ ከዚያ ፊቱ በቁጣ ጠቆረ። «የሞተ ድንጋይ! ሸምሱ እኔን!» አለና፣ ሬዲዮዋን በአንድ ክንዱ አቅፎ በሌላው እጁ እኔን እየጎተተ ወጣ።

ያንን መንገድ እስከ ዛሬ አልረሳውም። ሬዲዮዋ በክንዱ ሥር ሆና በሙሉ ድምፅዋ ኳስ እያስተላለፈች፣ የምናልፈው ሰው ሁሉ ዞር እያለ እያየን፣ አባባ «ሞቷል፣ ትንፍሽ አትልም እኮ!» እያለ እየተናገረ ሱቁ ደረስን። ባንኮኒው ላይ ወረወራት ማለት ይቻላል።

«ስማ እስቲ ሸምሱ! ይኼ ነው አዲስ ድንጋይ? ስማ!»

ሱቅ ውስጥ የነበሩት ሰዎች መጀመሪያ ሣቁ፤ ቀልድ መስሏቸው ነው። ቀጥሎ ሣቁ በየአፋቸው ቀረ። ሸምሱ የምትጮኸውን ሬዲዮ አየ፣ አባባን አየ፣ እኔን አየ። ቀስ ብሎ መዝጊያውን አዙሮ ዝም ካሰኛት በኋላ ወደ አባባ ጠጋ ብሎ፣ ጮክ ብሎ፦

«ወላሂ እውነትህን ነው፣ ጋሽ ደምሴ! የሞተ ነው፣ እርጥበት ነክቶታል። አፉ በለኝ» አለው።

ደህናዎቹን ድንጋዮች አውጥቶ ሌሎች ደህና ድንጋዮች አስገባ፤ ሬዲዮዋን ግን አልከፈታትም። አንዱ ገበያተኛ ሊናገር አፉን ሲከፍት ሸምሱ በዓይኑ ገሠጸው። አባባ አመስግኖ ወጣ። ግማሽ መንገድ ላይ ስንደርስ ቆመና ወደ እኔም ሳያይ «ሸምሱ የሸጠውን መልሶ አያውቅም» አለ። ያን ዕለት ጨዋታውን አልሰማም፤ ሬዲዮዋን በሻሽ ጠቅልሎ ቁም ሣጥኑ አናት ላይ ሰቀላት።

እማዬ ቀድማ ታውቅ ኖሯል። ለካ ከማናገሯ በፊት ትከሻውን ነካ ማድረግ የጀመረችው ለዚህ ነበር፤ እኔ ፍቅር ብቻ መስሎኝ ነበር። በማግስቱ ሐኪም ዘንድ ወሰደችው፤ ሐኪሙ የቡናዋ መኪና የበላችውን ጆሮ የሚመልስ መድኃኒት የለም አለ። ከዚያ ወዲህ ያሉት ሳምንታት የለቅሶ ቤት ሳምንታት ነበሩ። አባባ አስተያየት መስጠት ተወ። ስለ ዳኛም፣ ስለ ከበሮ መቺም፣ ስለ ምንም። ማታ ማታ ቁም ሣጥኑን ትኩር ብሎ ያይና ሳይመሽ ይተኛል። ሰው ቆሞ እየሄደ እንዴት እንደሚሞት ያየሁት ያኔ ነው።

ክረምት ገባ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው አጠገባችን ያለውን እንኳ ስለማንሰማ፣ ሁላችንም እንደ አባባ ሆነን እንቀመጥ ነበር፤ ያ ሰዓት ትንሽ ይቀለው መሰለኝ፣ ፈገግ ይላል። አንድ እሑድ ዝናቡ እንዳባራ እማዬ በርጩማ ላይ ወጥታ ሬዲዮዋን ራሷ አወረደች፤ ሻሹን ፈታች፣ ከፈተቻት፣ ትከሻውን ነካ አደረገችውና አፏን ሰፋ አድርጋ «ተነስ፣ ኳስህ መጥታለች» አለችው። ከፊት ለፊቱ ተቀመጠች። አባባ መዳፉን የሬዲዮዋ ቆዳ ላይ አሳረፈ፤ ስትናገር ቆዳው ስለሚንቀጠቀጥ እየሠራች መሆኗን በእጁ ያውቅ ነበር። ዓይኑን የእማዬ ከንፈር ላይ ተከለ።

«ምን አለ?» አለ።

«ሰውዬው ኳሱን ይዞ ሮጠ» አለች እማዬ። «አንዱ መጥቶ ቀማው። ሌባ ነው። ደሞ ሌላው ሌባ ቀማው። አሁን ወድቋል፣ ተጎድቷል፣ እግዚአብሔር ይማረው።»

«ማን? ከየትኛው ቡድን?»

«እኔ ምን አውቅልሃለሁ? የሰው ልጅ ነው።»

አባባ ሳቀ። ከፋሲካ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቅ ያየሁት ያን ዕለት ነው፤ እየሳቀ ዕንባው ወረደ፣ እማዬም ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። እሷ በማትኖርበት ቀን ተናጋሪዋ እኔ ነበርኩ፤ «ምን አለ?» ይለኛል፣ እነግረዋለሁ፣ «እሱማ ድሮም ግራ እግር የለውም» ይላል። አስተያየቱ ተመለሰ።

መስከረም ጠብቶ መንገዱ ሲደርቅ የይርጋጨፌ ልጆች በጭነት መኪና እየዘፈኑ ሊጋጠሙን መጡ። ሜዳ ላይ ጆሮ አያስፈልግም ብሎ አባባ ደስ ብሎት ወሰደኝ። የእኛ ልጅ ጎል አገባ፣ ዳኛው ግን አስቀድሞ ፊሽካ ነፍቶ ነበር፤ ሜዳው ሁሉ ዝም ባለበት አባባ ብቻውን ኮፍያውን ወደ ሰማይ ወርውሮ ዘለለ። ሰው ሳቀበት። ልቤ ተሰበረ። ከዚያ በኋላ ፊሽካ በተነፋ ቁጥር እጁን ጨበጥ አደርግለት ነበር።

በታኅሣሥ አዲሱ ቡና መግባት ሲጀምር የመፈልፈያው ባለቤት አባባን ወደ መኪናዋ አልመለሰውም። «የመኪናዋን ሕመም በጆሮው ነበር የሚያውቀው» ብሎ አዝኖ፣ በር ጠባቂ አድርጎ አስቀመጠው። በዚያው ሰሞን ነው አባባ እማዬን ዘፈን የጠየቃት። ከኳስ ይልቅ ይህ ከበዳት፤ አቀርቅራ «ጌታ ያውቀኛል» አለች። በሩን ዘጋች። ፋኖሱን ወደ ፊቷ አስጠጋች። ድምፅ ሳታወጣ፣ በከንፈሯ ብቻ፣ ሬዲዮዋ የምትዘፍነውን ቃል በቃል ትነግረው ጀመር፤ ናፍቆቱን፣ ዓይኑን ጥርሱን፣ ያላንተ አልኖርም የሚለውን። በኖሩበት ዘመን ሁሉ እንዲህ ያለ ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። ፊቷ እስከ አንገቷ ይቀላ ነበር። አባባም ዓይኑን ሳይነቅል «ምን አለ?» ይላል፣ የገባውንም ደግማ እንድትነግረው።

አንድ ምሽት ባቄላ እየፈለፈልኩ አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር። ዘፈኑ መሐል ላይ የሬዲዮዋ ድምፅ እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄዶ ጠፋ፤ ድንጋዩ በእርግጥ ሞተ። እማዬ ሬዲዮዋን አየት አደረገች፣ አባባን አየች፣ ከንፈሯ ግን አላቆመም። የምትለውን ከጎን ሆኜ አነበብኩት፤ የየትኛውም ዘፋኝ ዘፈን አልነበረም። ከቡሌ ብርድ ያወጣኸኝ፣ ገለባ ለብሰህ የምትመጣው፣ መኪና ጆሮህን ብትበላው እኔ ቀርቼልህ፣ ትል ነበር። ባቄላው ከእጄ ወደቀ። አባባ ድንጋዩ አልቋል ሊል ነው ብዬ ጠበቅሁ፣ መዳፉ እኮ የሬዲዮዋ ቆዳ ላይ ነው፣ ቆዳውም አይንቀጠቀጥም። እሱ ግን እጁን ከዚያው ሳያነሣ፣ ዓይኑን ከከንፈሯ ሳይነቅል እስክትጨርስ ቆየና፦

«ይህቺ ዘፋኝ ጎበዝ ናት» አለ። «በአፍንጫዋ አትዘፍንም።»

ሁለቱም ካለፉ ብዙ ዘመን ሆነ፤ ሬዲዮዋም የት እንደገባች አላውቅም። ዛሬ በእኔ ቤት በየክፍሉ ቴሌቪዥን አለ፤ ልጆቼ ጆሯቸው ውስጥ ማዳመጫ ወትፈው የየራሳቸውን ዘፈን ይሰማሉ፤ ኳሱ ከየአገሩ ሌት ተቀን ይመጣል፤ የሚያልቅ ድንጋይ፣ ፀሐይ ላይ የሚሰጣም ነገር የለም። እሑድ ከሰዓት ጨዋታ ሲኖር እኔም ከፊቱ እቀመጣለሁ፤ ሁሉንም እሰማለሁ፣ አንዳች አያመልጠኝም። ጎል ሲገባ ግን ሳላስበው ፊቴን ወደ ጎን አዞራለሁ፤ «ምን አለ?» የሚለኝ የለም።