የጋሽ በቀለን ጭስ ፍለጋ

ኅዳር 2017 እ.ኤ.አ.፣ ንጋት፣ ታኮማ

ገና ሳይነጋ መኪናዬን አስነሣሁ። ዝናቡ የለመድነው ነው፤ አይጥልም፣ አያባራም። የወደቡ ክሬኖች መብራታቸውን አላጠፉም፤ አውራ ጎዳናው ግን ከወዲሁ ተጨናንቋል። የዛሬው መንገዴ ወደ ዊስኪ ፋብሪካ ነው፤ ያውም ዊስኪ ቀምሰው ከማያውቁ ሴት ጋር።

እትዬ ፀሐይ ይባላሉ። ባለቤታቸው ጋሽ በቀለ እዚያ ፋብሪካ ሲሠሩ ቆይተው ዘንድሮ አረፉ። ዲቪ ደርሶኝ ስመጣ የተቀበሉኝ እነሱ ናቸው፤ ሳሎናቸው ሶፋ ላይ ነው አሜሪካን የለመድኳት።

ረፋድ፣ ቢከን ሂል

ነጠላቸውን በዝናብ ጃኬት ላይ አጣፍተው በር ላይ ጠበቁኝ። መንገድ ላይ ቡና ገዛሁላቸው። አራት ዶላር መሆኑን ሲሰሙ፣ "ኩባያውን ጨምሮ ነው?" አሉኝ።

"ማታ ሲገባ ኮቱ ጭስ ጭስ ይሸታል" አሉ መኪና ውስጥ። "መጀመሪያ ሰሞን የት ዞረህ መጣህ ብዬ ተጣልቼዋለሁ። ኋላ ለመድኩት። ካረፈ በኋላ ቁም ሣጥኑን ከፍቼ አሸት ነበር። አርባው ሲደርስ ልብሱ ለነዳያን ይሰጥ ተባለ። ቆሻሻ እንዴት ይሰጣል ብዬ ሁሉንም አጠብኩት።"

"ኮቱንም?"

"ኮቱንም። አጥቤ ሳሰጣው ነው የገባኝ።"

ያንን ሽታ አንዴ ማግኘት ነው የሚፈልጉት፤ ሌላ ነገር የለም። እኔም አውቀዋለሁ። ጋሽ በቀለ ሲገቡ ከሳቸው ቀድሞ ሳሎኑን ይሞላው ነበር። ናፈቁኝ።

ከቀትር በፊት፣ ፋብሪካው

ከእትዬ ፀሐይ ሰፈር ኮረብታ ወርደን፣ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ፣ መጋዘኖች መሃል ነው። ፋብሪካው ዕድሜው ገና ነው፤ በገብስ ዊስኪ ያበዱ ወጣቶች ከጥቂት ዓመታት በፊት የከፈቱት። ጋሽ በቀለ ሥራ ያስገቡት ዳዊት ተቀበለን። አረቄው የሚወጣባቸው የመዳብ ጋኖች ጣሪያ ሊነኩ ምንም አልቀራቸውም፤ ቤቱ ጥንስስ ጥንስስ ይሸታል።

"ሶ፣ ብቅሉ እርጥብ እያለ ከሥር ጭስ ይለቀቅበታል" አለ ዳዊት። "ስኮትላንድ ደሴቶቹ ላይ ዛፍ ስለሌለ፣ የረግረግ አፈር ቆፍረው፣ አድርቀው እንደ ኩበት ያነዱ ነበር። ከዚያ የመጣ ነው።"

"እንደ ጋን ይታጠናል በለኛ" አሉ እትዬ ፀሐይ።

በትንሽ ብርጭቆ ቀዳላቸው። አልተቀበሉትም።

"ሳትቀምስ ታቀርባለህ?"

"ሥራ ላይ ነኝ እኮ እትዬ፤ ማናጀሩ ካየኝ..." አለና ግራ ቀኝ አይቶ ከንፈሩን ነከር አደረገ። ያን ጊዜ ተቀብለው አሸተቱ። መለሱለት።

"ይኼ ሌላ ሰው ነው።"

ዳዊት ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

"ልክ ነዎት። ድሮ የታጠነውን ብቅል ከስኮትላንድ ነበር የምናመጣው። አሁን ቼንጅ አድርገናል፤ አፈሩ ከዚሁ ከዋሽንግተን ግዛት ረግረግ ነው። ጭሱ ይለያል። ቆይ፣ ኑ።"

በርሜሎች እስከ ጣሪያ ወደተደረደሩበት ቀዝቃዛ ክፍል ወሰደን። ከመጀመሪያዎቹ፣ ከስኮትላንዱ ብቅል ዘመን፣ ጥቂት ቀርተዋል፤ አንዱን ጋሽ በቀለ ራሳቸው ሞልተውታል። ዳዊት የዚያን በርሜል የእንጨት ውታፍ በመዶሻ መታ መታ አድርጎ ነቀለው።

እትዬ ፀሐይ ነጠላቸውን ወደ ኋላ መልሰው ወደ ቀዳዳው ጎንበስ አሉ። ደጋግመው አሸተቱ። ዳዊት ብርጭቆ ሊያቀብላቸው ሲል በእጄ ከለከልኩት።

እጃቸውን በርሜሉ ላይ አሳርፈው፣ ቀስ ብለው፣ "ዛሬስ አመሸህ" አሉ።